ጥፋቱ የእስስቱ አይደለም

አማርኛ እስስትን የአስመሳይ ሰው ስም አድርጎታል። እንስሳው ግን በቀለሙ አይዋሽም።

የትውልድ ቦታው የመንና ሳዑዲ አረቢያ የሆነው፣ በአሜሪካ የቤት እንስሳ ገበያ የተለመደው ባለቆቡ እስስት ሌላ ወንድ ሲያይ ቀለሙን አድምቆ፣ ጎኑን አስፍቶ «አትድረስብኝ» ይላል። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የጭንቅላቱ ቀለም ቶሎ የሚደምቀው ወንድ የማሸነፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ተሸናፊው ጠቁሮ ያፈገፍጋል። ዱር ውስጥ ጠቡ እዚያ ላይ ሊበርድ ይችላል፤ የሽቦ ቤት ውስጥ ግን ማፈግፈጊያ የለም። ስለዚህ «ይላመዳሉ» ብሎ ሁለት ወንድ አንድ ላይ የሚሸጥ ነጋዴ ገዢውን እያታለለ ነው። አይላመዱም፤ መተያየታቸው ብቻ እንኳ ያስጨንቃቸዋል።

የባሰው ጥፋት ያለው አርቢው ጋ ነው። አንዲት ሴት እስስት በአንድ ጊዜ ከ50 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከዚያ የሚፈለፈል ወንድ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላው የማይታይበት የራሱ ቤት ይፈልጋል። ቦታና ኃላፊነት የሚሰማው ገዢ ሳያዘጋጅ የሚያራባ ሰው ጠቡን አስቀድሞ ደግሷል። ፍሎሪዳ ውስጥ ዛሬ በዱር የሚራባው ባለቆብ እስስትም ከዚሁ ንግድ የወጣ ነው።

ለእያንዳንዱ ወንድ የተለየ ቤት የሌለው ሰው አያራባ። እንስሳ መውደድ ከዚህ ይጀምራል።