ስክሪኑን ሳታስቡ ፕሮጀክተር አትግዙ

ሰሞኑን ሁለት ሰዎች «ቤቴ ስሪዲ ፊልም ማየት እፈልጋለሁ፣ ምን ልግዛ?» ብለው ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። የማወራው ከኪሴ ስለወጣ ነው።

አምና ሁለት ያገለገሉ ፕሮጀክተሮች፣ ሁለት ፖላራይዘር ማጣሪያና አራት የፖላራይዝድ መነጽር ገዛሁ። ሰባት ወር የቆጠብኩት ብር ነው። አንዱ ፕሮጀክተር የግራ ዓይንን ምስል፣ ሌላው የቀኙን ይልካል። ባለቤቴ ነጭ አንሶላ ተኮሰች፣ ግድግዳው ላይ ወጠርነው፣ ልጆቹ መነጽራቸውን አድርገው ተደረደሩ። ምን ሆነ? ሁሉም ነገር ድርብ! ትልቁ ልጄ «አባዬ፣ ያለ መነጽሩም እኮ ያው ነው» አለኝ። ሻጩ ጋ ስደውል «መነጽሩ ኦሪጅናል ነው» አለ። እውነቱን ነው። ጥፋቱ የአንሶላው ነበር።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ፖላራይዜሽንን ስንቴ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩ አትጠይቁኝ። ብርሃኑ ማጣሪያውን አልፎ የሚወጣው በአንድ አቅጣጫ እየተርገበገበ ነው። ጨርቅና ቀለም የተቀባ ግድግዳ ግን በታትነው ሲመልሱት አቅጣጫው ይደባለቃል፤ ያኔ መነጽሩ የግራውን ከቀኙ መለየት አይችልም። ለዚህ የሚሆነው ሲልቨር ስክሪን የሚባለው፣ ላዩ ብረታማ ቅብ ያለው ነው። እሱም ቢሆን መሃል ለተቀመጠ ደማቅ፣ ዳር ላለ ደብዛዛ ነው። እንግዳ የሚበዛበት ሳሎን ያለው ያስብበት።

አይ፣ እሞክራለሁ የምትሉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የስክሪኑን ቁራጭ ለምኑ። ሊኒየር ማጣሪያ በተገጠመለት ፕሮጀክተር አብሩበት፤ ሌላ ተመሳሳይ ማጣሪያ ዓይናችሁ ላይ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ምስሉ ጭልምልም ካለ ስክሪኑ ይሠራል። ካልጨለመ ብራችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት።

የኔ አቋም ግን ለቤት ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም ነው። ስሪዲ በ120 ኸርዝ የሚቀበል አንድ ዲኤልፒ ፕሮጀክተር ይበቃል። የግራና የቀኙን ምስል እያፈራረቀ ያወጣል፣ ባለ ባትሪው ሻተር መነጽር ደግሞ በየተራ አንዱን ዓይን ይጋርዳል። እዚህ ላይ ነጭ ግድግዳ ምንም አይልም። መነጽሩ ግን ዲኤልፒ ሊንክ የሚል ይሁን፤ የቴሌቪዥኑን ገዝቶ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ቻርጅም ይፈልጋል፣ መብራት ሳይጠፋ አስቀድማችሁ ሰኩት። ለእያንዳንዱ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን ከግማሽ በታች ስለሆነ ምስሉን ግድግዳ ሙሉ አታድርጉት፣ መጋረጃውንም ዝጉ።

ስሪዲ ቴሌቪዥን ይሻላል የምትሉ፣ ኤልጂና ሶኒ ከ2017 (በፈረንጆቹ) ሞዴሎቻቸው ላይ ስላነሱት የምታገኙት ያገለገለ ነው።

ብር የለኝም ለሚል ቀይና ሳያን የካርቶን መነጽር አለ። ቀለሙን ያበላሸዋል፣ ግን በማንኛውም ፕሮጀክተርና ግድግዳ ይሠራል። እኔ አሁን ክፍል ውስጥ የምጠቀመው እሱን ነው፤ ተማሪዎቼ የሞለኪውል ቅርጽ ከግድግዳው ወጥቶ ሲመጣባቸው እጃቸውን ይዘረጋሉ።

ሁለቱን ማጣሪያ የሚፈልግ ካለ ኢንቦክስ። አንሶላው አልጋው ላይ ተመልሷል።