ባለ አንድ መኝታ ቤት፦ ለመኖሪያ ወይስ ለሽያጭ?

ቤት ከምግብና ከልብስ ጋር የሚቆጠር የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎት መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ያው አንድ ቤት ለአንዱ ማደሪያ፣ ለሌላው የገንዘብ ማከማቻ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ልንመረምረው የምንሻው ጥያቄም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ብዙ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ የሕዝብ መሬት ተረክበው፣ በከተማው እምብርት የሚያሠሩት ባለ አንድ መኝታ ቤት ከሁለቱ የትኛው ሊሆን ይገባዋል?

ጥያቄው ለደሴና ለኮምቦልቻ ሕዝብ ሩቅ አይደለም። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቆረቆረች በመሆኗ ለግንባታ የሚመች ሜዳ እምብዛም የላትም። በመሆኑም በፒያሳ ወይም በአራዳ ያለ ቁራሽ መሬት ውድ የሚሆነው በባለይዞታው ድካም ሳይሆን በሥፍራው ምክንያት ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች የተተከሉባት፣ ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት የሠራተኛ ከተማ ናት። ፋብሪካ ሠራተኛን ይጠራል፤ ሠራተኛ ደግሞ ማደሪያ ይሻል። ጎጆ ያልወጣው ወጣትና አዲስ ተጋቢዎች የሚመኙት ሰፊ ግቢ ሳይሆን አንድ መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ማዕድ ቤትና መታጠቢያ ያለው፣ ከሥራ የማይርቅ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. በሁለቱ ከተሞች ላይ ያለፈው ጦርነት የብዙዎችን ጥሪት ካራቆተ በኋላ ይህ ምኞት ይበልጥ ርቋል።

ያለፈውን ሳይመረምሩ ስለ መጪው መናገር አይቻልም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን በመንግሥት ይዞታ ሥር አዋለ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይዝ ደነገገ። ለመኖሪያ የሚሰጠውን ቦታ በ500 ካሬ ሜትር ገደበ፤ የቤት ኪራይንም ቀነሰ። ያ አዋጅ ተከራዩን ከባለቤቱ ጫና ማላቀቁ ሐቅ ነው። ነገር ግን ሌላም ሐቅ አለ። ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለእድሳት እንኳ ስላልበቃ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው የዘመመ የቀበሌ ቤት በየሠፈሩ በዛ። አዲስ ግንባታም ከሕዝቡ ዕድገት ጋር ሊራመድ አልቻለም። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ዋጋን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ቤት እንደማይሠራና እንደማይጠግን ነው።

ቀጥሎ የመጣው የኮንዶሚኒየም ዘመን ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 አንድ ሰው በፎቅ ላይ ያለውን ቤት በግሉ፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር በጋራ እንዲይዝ ሕጋዊ መሠረት ጣለ። በአዲስ አበባ የተጀመረው የቤት ልማት ፕሮግራምም ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ ደሴንና ኮምቦልቻን ደርሷል። ብዙ ቤተሰብ በዕጣ ቤት አግኝቷል፤ ይህ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ዕጣ የሚመርጠው የመጀመሪያውን ባለቤት እንጂ ሁለተኛውን አይደለም። በአዲስ አበባ በዕጣ የተላለፈ ቤት ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ክልከላ ተደርጎ ነበር። የክልከላው ጊዜ ሲያበቃ ግን በሕዝብ ሀብት የተደገፈው ቤት እንደማንኛውም ሸቀጥ ገበያ ወጣ።

የቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበርም በዚሁ መንገድ እንዳይሄድ ያሠጋናል። ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ የማኅበር አባል በፒያሳ አጠገብ ለሚሠራ ባለ አንድ መኝታ ቤት 900,000 ብር አዋጣ እንበል። ከዓመታት በኋላ የግንባታ ወጪ በሲሶ ቢንር ያንኑ ቤት ለመሥራት 1,200,000 ብር ይጠይቃል። ገበያው ግን 3,000,000 ብር ይሰጣል። የ1,800,000 ብሩ ልዩነት ከየት መጣ? ከአባሉ ላብ አይደለም። መንገዱን የዘረጋው፣ ውኃና መብራት ያስገባው፣ ገበያውን ያደመቀው፣ መሬቱን የሰጠው ሕዝብ የፈጠረው እሴት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ ደንግጓል። ስለዚህ ሻጩ የሚሸጠው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ድርሻ ነው። ገዥው ባለሀብት ቤቱን ዘግቶት ወይም በውድ አከራይቶት ይቀመጣል፤ ማኅበሩ የተቋቋመለት ሠራተኛ ግን ተመልሶ ከከተማው ዳር ይከራያል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አለመሆኑን የኒው ዮርክ ታሪክ ያስረዳል። በዚያ ከተማ በማንሃተን፣ ቼልሲ በተባለው ሠፈር፣ የሴቶች ልብስ ሰፊዎች የሠራተኛ ማኅበር ፔን ሳውዝ የተባለ የኅብረት ሥራ መኖሪያ አሠራ። በ10 ሕንፃዎች ውስጥ 2,820 ቤቶች ያሉት ይህ መኖሪያ በግንቦት 1954 ዓ.ም. ሲመረቅ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተገኝተው ነበር። ሠፈሩ ከጊዜ በኋላ እጅግ ውድ ሆነ። ያም ሆኖ ከማኅበሩ የሚወጣ አባል ድርሻውን በገበያ ዋጋ ለፈለገው አይሸጥም፤ በተወሰነ ዋጋ ለማኅበሩ ይመልሳል፤ ቤቱም ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል። አባላቱ ይህን ገደብ እናንሳ ወይስ እናጽና በሚለው ላይ በተደጋጋሚ ድምፅ ሰጥተው አጽንተውታል። በዚያው ከተማ ገደቡን አንስተው ወደ ገበያ የገቡ ሌሎች ማኅበራትም አሉ። በካፒታል ማዕከል የሚኖር ልብስ ሰፊ ያቆየውን ሥርዓት የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ሊያቆም የማይችልበት ምክንያት አይታየንም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። «አባሉ ቢታመም፣ ልጁን ማስተማር ቢያቅተው፣ ያለው ሀብት ያ ቤት ብቻ ቢሆንስ? በድህነቱ ላይ እናስረው?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የብር የመግዛት አቅም በሚወርድበት አገር የአንድን ሰው ቁጠባ በአሮጌ ዋጋ መመለስ ግፍ ነው። ስለዚህ እኛ የምንለው አባሉ ያዋጣውን በሙሉ፣ የግንባታ ወጪ በናረበት ልክ ተሰልቶ፣ ያሳደሰውም ታክሎ ይመለስለት ነው። በምሳሌያችን 1,200,000 ብሩ ያለ ክርክር የእርሱ ነው። የሥፍራው ትርፍ ግን ለሚቀጥለው ነዋሪ ይቆይ።

ይህ እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ አባላት መሬት ከመረከባቸው በፊት የመሸጫውን ስሌትና ማኅበሩ ቀድሞ የመግዛት መብቱን በመተዳደሪያ ደንባቸው ያስፍሩ፤ ትርፉ ከታየ በኋላ መስማማት አዳጋች ነውና። ሁለተኛ፣ ቤቱ የሚኖርበት ሰው ይሁን፤ በሥራ ወይም በሕመም ርቆ የሚሄድ አባል ለተወሰነ ጊዜ ቢያከራይ ኪራዩን ማኅበሩ ይወቀው። ሦስተኛ፣ የቀበሌ ቤቶች ውድቀት እንዳይደገም ለጣሪያ፣ ለውኃ ታንከርና ለደረጃ የሚውል የጥገና መዋጮ በየወሩ ይሰብሰብ። ዕድር ለሐዘን በየወሩ ማዋጣትን ያስተማረው ሕዝባችን ለሕይወቱ መጠለያ ማዋጣት አያቅተውም።

በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ብዙ ገንዘብ ያዋጣም ሁለት የለውም። እንግዲህ ውሳኔው በእያንዳንዱ አባል እጅ ነው። በስብሰባ ቀን ቀርቶ ኋላ ማማረር አይበጅም። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት አዳራሽ አይጠየፍ ተብሎ ይጠራል፤ ማንንም የማይንቅ፣ ማንንም የማይመልስ ማለት ነው። ለግብር የታነፀ አዳራሽ እንዲህ ያለ ስም ካገኘ፣ በሠራተኛ መዋጮ በፒያሳ የሚታነጸው ቤት ሠራተኛውን የሚጠየፍበት አንዳች ምክንያት ሊኖር አይገባም።