ቦርከናን የሚያጥበው ማን ነው?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ውሃ ነው፤ በተለይ ከሚሴና ጨፋ ላላችሁ እህቶች።

በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የጃፓኑ የፉኩሺማ ኑክሌር ጣቢያ በሱናሚ ተመትቶ ጨረር ያለው ቆሻሻ ወደ ባሕር ፈሰሰ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሎስቴሪየም ስለሚባል፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ስላለው አልጌ ጻፉ። አልጌ ያው በተኛ ውሃ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የምናየው ነው። ይህ ዓይነቱ ስትሮንሽየም የሚባለውን ከውሃው ለቅሞ በውስጡ እንደ ጨው ቅንጣት ያጠራቅመዋል። ስትሮንሽየም ካልሲየምን ስለሚመስል ሰው ሲጠጣው አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፤ ጨረር ያለው ዓይነት በግማሽ እስኪቀንስ 29 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሙከራው ግን ጨረር በሌለው ስትሮንሽየም የተደረገ ነው። ደግሞም አልጌው መርዙን ይሰበስባል እንጂ አያጠፋውም። አውጥቶ የሚያርቀው ሰው ያስፈልጋል።

በቦርከና ጉዳዩ ጨረር ሳይሆን የፋብሪካ ፍሳሽ ነው። ወንዙ ከደሴ በኩል መጥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ይወርዳል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች አሉባት፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ። እዚያ ወደ ቦርከና በሚገቡ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮምየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ክሮምየም ቆዳ የሚለፋበት ነው። ጨረር በዘመን ብዛት ይደክማል፤ ክሮምየም ግን አይደክምም።

እንዲህ ያለውን ብረት ረግረግና ቄጠማ በጭቃውና በሥሩ ይይዛል። ታዲያ የጨፋን ቄጠማ ማን አጭዶ ያርቀዋል? በበጋ ከአፋር ድረስ የሚመጣው ከብት ይግጠዋል እንጂ!

«እኔ አፍልቼ ነው ለልጆቼ የምሰጠው» የምትል እናት አለች። እሰይ፣ አሜባና ታይፎይድ ይሞታሉ። ብረት ግን በእሳት አይሞትም፤ ውሃው ሲተን እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ውሃ አጋርም ክሎሪን ስለሆነ ጀርም ይገድላል እንጂ ብረት አያወጣም። ስለዚህ የወንዙ ውሃ ለልብስ ይሁን፤ ለመጠጥ፣ ለወጥና ለሕፃን ገንፎ የቦኖ ውሃ ይቀዳ። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙም ለዞኑ ውሃ ጽሕፈት ቤት «ለብረት ተመርምሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቦኖው ይርቃል አይደል? ባሎች ሆይ፣ አንድ ጄሪካን 20 ሊትር ነው፤ ሲሞላ 20 ኪሎ። አህያ ከሌለ፣ ነገ ጠዋት አንዱን እናንተ ያዙት።