አቤት ያለ ሠራተኛ ከእንጀራው አይፈናቀል!



«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ዛሬም በየድርጅቱ አልሞተም። አለቃ ሲሳደብ፣ ያለ ክፍያ ትርፍ ሰዓት ሲያሠራ፣ እህቶቻችንን ሲያስቸግር «ተው!» ያለ ሠራተኛ ብዙ ሳይቆይ የስንብት ደብዳቤ ይደርሰዋል። በደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ግን «የዲሲፕሊን ጉድለት» ነው።

ሕግ የለም እንዳንል፣ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። በዚህ ሰበብ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። ክሱን በ3 ወር ውስጥ ካላቀረበ ግን ይህ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። ይህን ስንት ሠራተኛ ያውቃል? ቢያውቅስ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ፍርድን አይጠብቁም። ያዩት ባልደረቦቹም «ነገ በእኔ» ብለው ከምስክርነት ይሸሻሉ። መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ፓርቲያችን በድምፃችሁ ቢመረጥ፦

1. ቅሬታ ያቀረበ ሠራተኛ ስንብት በሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሳይመረመር እንዳይጸና፣
2. ክርክሩ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስኪወሰን ደመወዙ እንዳይቋረጥ፣
3. ለባልደረባቸው የሚመሰክሩ ሠራተኞች የሕግ ከለላ እንዲያገኙ

አዋጁን እናሻሽላለን።

የሰረቀ ወይም ሥራውን የበደለ ሠራተኛ ይሰናበት አይባል አንልም። ሐቀኛ አሠሪም ከዚህ ማሻሻያ የሚፈራው ነገር የለም። እኛ የምንቃወመው እውነት መናገር እንጀራ የሚያሳጣበትን አሠራር ነው።

ድምፃችሁ ለተበደለው ሠራተኛ ዋስትና ይሁን!