ዲስኩ ተሸጠ፤ ፍሬኑስ?

ደብረ ወርቅ ከተማ ውስጥ፣ በዋናው መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች በአንዱ ደጃፍ ላይ አንድ ሚኒባስ የፊት ጎማዎቹ ወልቀው በክሪክ ቆሟል። ባለቤቱ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ የእህል ነጋዴ ናቸው። ከእግራቸው ሥር፣ በጆንያ ተጠቅልለው ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት የፍሬን ዲስኮች ተቀምጠዋል። ዲስኮቹ ከሌላ ሞዴል መኪና ላይ የተፈቱ ሲሆኑ ከነባሮቹ በሁለት ጣት ያህል ይሰፋሉ።

«ጋሼ፣ እነዚህ በዚህ ካሊፐር አይሠሩም» አለ መካኒኩ።

«ሻጩ ይገባል ብሎኛል እኮ!»

«መግባቱንማ ይገባሉ። የሚነክሳቸው ነው የጠፋው።»

ይህ ጸሐፊ የጤፍ ዋጋ ለመጠየቅ ወደ ከተማዋ ብቅ ባለበት ዕለት የሰማው ይህ አጭር ንግግር፣ ስለ መለዋወጫ ገበያችን ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይናገራል። ነጋዴው ገንዘብ ከፍለዋል፤ ዕቃም ተረክበዋል። የፈለጉትን ነገር ማለትም ፍሬንን ግን አልገዙም።

ለመሆኑ የትልቅ ዲስክ ፈላጊ ለምን በዛ? መልሱ ከመኪኖቹ ዕድሜ ይጀምራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ ከ400 በመቶ በላይ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ 5 ሺህ 700 ብር ይገመት የነበረ የ100 ዶላር ዕቃ፣ ትራንስፖርትና ቀረጥ ሳይታሰብበት፣ ከ10 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ያለውን መኪና ይዞ መቆየት ግድ ሆነ። የራሱ ሞዴል አዲስ ዕቃ ሲወደድ፣ ከሌላ ሞዴል የተፈታ ያገለገለ ዕቃ ይፈለጋል። ሰፋ ያለ ዲስክ ሲሆን ደግሞ ገዢው «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» ይላል፤ ርካሽም ነው፣ ትልቅም ነው።

የደብረ ወርቅ ባለመኪና ደግሞ ለፍሬን የሚጨነቅበት የራሱ ምክንያት አለው። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ በብቸና አድርጎ ደጀን ይደርሳል፤ ከዚያ ዓባይ በረሃን ይወርዳል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደተመረቀው የኅዳሴ ድልድይ ለመድረስ መኪናው ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ አለበት። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ሲከፈት ያለውን ሁሉ በአንድ ጉዞ ጭኖ የመውጣት ፈተና በረታ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ከነሰዉና ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 1,200 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 35 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ሁለቱ የፊት ዲስኮች በድምሩ 12 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ሙቀታቸው በ400 ዲግሪ ሲጨምር የሚይዙት 2.2 ሚሊዮን ጁል ያህል ብቻ ነው። በትልልቆቹ ተተክተው 16 ኪሎ ቢሆኑ 2.9 ሚሊዮን ይይዛሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ከ35 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ ነው። የቀረውን ሙቀት ነፋሱ ካልወሰደው፣ ይልቁንም ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተር ካልያዘው፣ ትልቁም ዲስክ እንደ ትንሹ ይግላል። ትልቁ የሚገዛልን ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃ ነው።

ይህ ማለት ትልቅ ዲስክ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሸራው ዲስኩን የሚይዝበት ቦታ ከመሐሉ በራቀ መጠን፣ በዚያው የእግር ግፊት ጎማውን የማቆም ኃይሉ ይጨምራል። ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ ብሎን በቀላሉ እንደሚፈታ ማለት ነው። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 240 ሚሊ ሜትር የነበረ ዲስክ በ270 ቢተካ፣ ሌላው ሁሉ ባይለወጥ፣ ኃይሉ ከ10 በመቶ በላይ ከፍ ይላል። ነገር ግን መኪናውን መጨረሻ ላይ የሚያቆመው ጎማ ነው። አሁን ባለው ፍሬን ጎማው ተነክሶ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ዲስክ ማሳደግ የማቆሚያ ርቀቱን አያሳጥርም። የተላጨ ጎማ አስሮ ትልቅ ዲስክ መግዛት ትርፉ ወጪ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ዲስክ ብቻውን ፍሬን አይሆንም። ሰፊ ዲስክ ካሊፐሩ ወደ ውጭ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማሰሪያው አብሮ መምጣት አለበት። ቸርኬው ጠባብ ከሆነ ካሊፐሩን ይነካዋል። የካሊፐሩ ፒስተን ከነባሩ ከተለቀ፣ ብዙ ዘይት ስለሚጠይቅ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። የፊቱ ሲበረታ ኋላ ያለው ታምቡር ባለበት ከቀረ፣ ሚዛኑ ወደ ፊት ያደላና በእርጥብ መንገድ ላይ የፊት ጎማዎች ቀድመው ይነከሳሉ፤ ያን ጊዜ መሪው ቢዞር መኪናው አይታዘዝም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2002 የተሠራውን ቶዮታ ፎርራነር የያዙ ብዙ ባለቤቶች የቱንድራ ፒክ አፕን የፊት ፍሬን ይገጥሙለታል። የሚገዙት ግን ዲስኩን ብቻ አይደለም። ካሊፐሩን፣ ሸራውንና ዲስኩን በአንድነት ይገዛሉ፤ ከዲስኩ ጀርባ ያለውን የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ ያስተካክላሉ፤ ቸርኬው ካሊፐሩን አለመንካቱንም ይለካሉ። እዚያ ገበያው የሚሸጠው ሙሉ ስብስቡን ነው።

እኛ ዘንድ ዲስኩ ለብቻው፣ ካሊፐሩ ለብቻው፣ ማሰሪያውም ቶርኖ ቤት ተሠርቶ ይመጣል። ዕቃ ሻጩ «ይገባል» ብሎ ዋጋውን ይቀበላል። መካኒኩ የእጁን ይቀበላል። ባለመኪናው አተረፍኩ ይላል። ስህተት ቢኖር ሒሳቡን የሚከፍለው በዚህ ግብይት ላይ ያልነበረው ሰው ነው፤ ይኸውም ከኋላ ወንበር ላይ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችው ተሳፋሪ። በኢኮኖሚክስ ትምህርት እንደምንማረው፣ ኪሳራውን ሌላ ሰው በሚሸከምበት ገበያ ዋጋ እውነቱን አይናገርም። ርካሹ ዲስክ ርካሽ የመሰለው የዋጋው ከፊል በሌላ ሰው ስም ስለተመዘገበ ነው።

ነጋዴዎች «ገዢው ራሱ ርካሹን ይጠይቃል፤ እኛ ምን እናድርግ?» ይላሉ። አባባላቸው እውነትነት አለው። ሆኖም ገዢው ርካሹን የሚጠይቀው በርካሹና በሙሉው መካከል ያለውን ልዩነት የሚነግረው ስለሌለ ነው። ያገለገለ ዲስክ ከስንት ሚሊ ሜትር በታች ከሳሳ መጣል እንዳለበት ብዙ ጊዜ በራሱ በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በካሊፐር መለኪያ ለክቶ፣ ውፍረቱን፣ የተፈታበትን ሞዴልና የሚሠራበትን ካሊፐር በደረሰኝ ላይ የሚጽፍ ሻጭ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ እንኳ ደንበኛ አያጣም። እንዲያውም ስም ያተርፋል፤ በመርካቶ ደግሞ ስም ካፒታል ነው።

ሁለተኛው ድርሻ የመንግሥት ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ይመረመራል። ፍሬኑ የተለወጠ መኪና በመሣሪያ ላይ ወጥቶ የፊትና የኋላ ኃይሉ ተለክቶ፣ ለውጡ በፋይሉ ቢመዘገብ፣ ሊብሬውን አይቶ የሚገዛ ሰውም የሚያምነው ማስረጃ ያገኛል። መድን ድርጅቶችም ይህን ማስረጃ ላቀረበ ባለመኪና በዓረቦን ላይ ቅናሽ ቢያደርጉ የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው።

ሦስተኛው ለባለሀብት ነው። ከደጀን እስከ ሞጣ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ብቸና ባለው ቀጣና የፍሬን መፈተሻ መሣሪያ ይዞ፣ ሙሉ ስብስብ የሚሸጥና በጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ ልዩ ጋራዥ ሥራ አያጣም። ቁልቁለቱ የትም አይሄድም፤ መኪኖቹም እያረጁ ነው።

ለባለመኪናውም አንድ ቃል። የመጀመሪያው ብር ለፍሬን ዘይት ይውጣ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በደረጃው ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ግን ይህ ወደ 140 ይወርዳል። የፈላ ዘይት ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ የዲስኩ ስፋት ምንም አይፈይድም። ቀጥሎ ሸራና ጎማ፣ ከዚያ ጭነቱን መቀነስ ይምጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ትልቁ ዲስክ ከነሙሉ ዕቃው ይገዛ።

የደብረ ወርቁ ነጋዴ በዚያ ዕለት ዲስኮቹን መልሰው በጆንያ ጠቀለሏቸው። መካኒኩ አሮጌውን ዘይት አስወጥቶ አዲስ ሞላ፤ የራሱን ሞዴል አዲስ ሸራ ገጠመ። ሒሳቡ ሲነገራቸው «ይኼን ያህል ብቻ?» አሉ። ዲስኮቹን ምን ሊያደርጓቸው እንዳሰቡ ይህ ጸሐፊ ሲጠይቃቸው ፈገግ ብለው መለሱ፦

«እሸጣቸዋለሁ። ግን ካሊፐር እንደሌላቸው ተናግሬ ነው የምሸጠው።»

ገበያችን የጎደለው ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው።