በትንሽ ጀልባ ከሐይቅ አፍ ስለ መውጣትና ስለ መግባት

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ መጻፍ ልማዳችን ስለሆነ፣ ዛሬ ስለ ጀልባ መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን እንግዳ ነገር ይመስላቸው ይሆናል። ዳሩ ግን ከቆሼና ከቡታጅራ ወገን ተነሥቶ ለበዓል፣ ለስእለት፣ ለለቅሶ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ደምበል ሐይቅ ደሴቶች የሚሻገር ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሄድም። እናት ሕፃኗን አዝላ፣ አባት ልጁን በእጁ ይዞ፣ አያት ምርኩዟን ተደግፋ በአንዲት ጀልባ ላይ ይቀመጣሉ። በአንዲት ጀልባ መገልበጥ የአንድ ቤት ሰው በሙሉ ሊጠፋ ይችላልና፣ ነገሩን የቤተ ሰብ ነገር ብለን ቈጥረነዋል።

ደምበል፣ በሌላ ስሙ ዝዋይ፣ ከማረቆ አገር በስተ ምሥራቅ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በውስጡ ቱሉ ጉዶ የምትባለው ደብረ ጽዮን፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና የሚባሉ አምስት ደሴቶች አሉት። በደሴቶቹና በዳርቻው የኖሩት የዛይ ሰዎች ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ በማጥመድና ጀልባ በመቅዘፍ የታወቁ ናቸው። የሐይቁ ጥልቀት ግን ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ አማካዩ 2 ሜትር ተኩል ያህል፣ ከሁሉ በጠለቀበትም ስፍራ 9 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «ጥልቅ ካልሆነማ ምን ያስፈራል?» ሲሉ ሰምተናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በጥልቅ ውሃ ላይ ነፋስ የሚያነሣው ሞገድ ረጅምና ለዘብ ያለ ስለሚሆን፣ ጀልባዪቱ ቀስ ብላ ትወጣበታለች፣ ቀስ ብላም ትወርዳለች። በጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ግን ሞገዱ ታችኛውን መሬት እየነካ ስለሚሄድ፣ አጭርና ቀጥ ያለ እንደ ግድግዳ የቆመ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሁለተኛው ይደርሳል። ስለዚህ ጸጥ ብሎ የነበረው ደምበል ነፋስ ሲነሣበት ቶሎ ይናወጣል።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የሐይቁ መካከል ሳይሆን አፉ ነው። አፍ የምንለው ጀልባ ከተጠለለችበት ከደንገሉና ከፊላው ውስጥ ወደ ገላጣው ውሃ የምትወጣበትን፣ ወይም ከገላጣው ተመልሳ የምትገባበትን ጠባብ በር ነው። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ የመስቃንንና የማረቆን ደለል ተሸክሞ ወደዚህ ሐይቅ ይገባል። ወንዙ ሐይቁን ሲገናኝ ጉልበቱ ይደክማልና የተሸከመውን አሸዋና ጭቃ እዚያው ያራግፈዋል። በክረምት ከእርሻችን ላይ የታጠበው አፈር በወንዙ አፍ ላይ የተሸሸገ ጉብታ ይሆናል ማለት ነው። ጉብታው ደግሞ ባለበት አይቆይም፤ አምና ጀልባ ያለፈበት መንገድ ዘንድሮ አሸዋ ሊሆን ይችላል። ይልቁንም የወንዙ ውሃ ወደ ውጭ ሲገፋ ነፋሱ ወደ ውስጥ ከገፋ፣ ሁለቱ በሚጋጩበት ስፍራ ሞገዱ ተሰባብሮ ነጭ አረፋ ይደፍቃል።

የአፍ ነገር የትንሽ ጀልባ ጭንቀት ብቻ እንዳልነበረ የጥንት ታሪክም ይመሰክራል። በአንደኛው መቶ ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ በግሪክ ቋንቋ የጻፈ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ባዘጋጀው የጉዞ መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ የሚመጡ መርከቦች ቀድሞ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ለየብስ በቀረበች ደሴት አጠገብ ይቆሙ እንደ ነበረ፣ ኋላ ግን ከየብስ ስለሚመጣባቸው አደጋ ራቅ ብለው በባሕረ ሰላጤው አፍ በምትገኘው ተራራማ ደሴት አጠገብ መቆም እንደ ጀመሩ ይነግረናል። እነዚያ የፈሩት ሰውን ነበረ፤ እኛ የምንፈራው አሸዋንና ነፋስን ነው። ሆኖም «ወደ ውስጥ ልግባ ወይስ ከውጭ ልጠብቅ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ነው።

ለመሻገር የሚሻለውን ሰዓት መለየት ዋና ነገር ነው። በደምበል ጧት ውሃው ጸጥ ይላል፤ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ ግን ከቀትር ወዲያ ነፋስ ይነሣል። ይህን አይቶ ሌሊት መነሣት ይሻላል የሚል ቢኖር፣ ጉማሬን ዘንግቷል። ጉማሬ ሌሊቱን በየብስ ሣር ሲግጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በእርሱና በጥልቁ ውሃ መካከል የገባችውንም ጀልባ እንደ ጠላት ይቈጥራታል። ስለዚህ ብርሃን በደንብ ከወጣ በኋላ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ወይም 2 ሰዓት ገደማ መነሣት፣ በደንገሉ መካከል ሲያልፉም የጀልባዪቱን ጎን በመቅዘፊያ እየመቱ ድምፅ ማሰማት ይገባል። ለመመለስ ደግሞ ከ5 ሰዓት ባያሳልፉ መልካም ነው።

ይህን ሁሉ ባለ ጀልባዎቹ ከእኛ አብልጠው ያውቁታል። ታዲያ አደጋው ከወዴት ይመጣል ቢባል፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተሳፋሪው ነው፤ እንዲያውም ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ ከሚከበረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንዲቱ ደሴት ለመመለስ ከ9 ሰዓት በኋላ ወደ ዳር የወረድን አሥር ያህል ሰዎች ነበርን። ባለ ጀልባው ከዛይ ወገን የሆኑ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ውሃውን ጥቂት ተመልክተው ገመዱን መልሰው አሰሩት። ከመካከላችን አንድ ሹም ነበሩና «አባቴ፣ ነገ በ3 ሰዓት ችሎት አለኝ፤ የፈለጉትን ያህል እከፍላለሁ፣ እንሂድ» አሏቸው። ሽማግሌውም ባርኔጣቸውን አውልቀው «ጌታዬ፣ አፉ ነጭ ሆኗል፤ ልጆችም ይዘናል፤ እኔ አልሄድም» ብለው መለሱ። ሹሙ ተቈጡ፤ ሌሎቹ ሰዎችም የሹሙን ፊት እያዩ ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው ሕፃን እንደ ታቀፉ «ጌታዬ፣ ችሎቱ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ይህ ውሃ ግን ቀጠሮ አይሰጥምና አባባ የሚሉትን ይስሙ» አሏቸው። እኛም ቀጠሮ መጻፍ የዘወትር ሥራችን ነውና ፈገግ አልን። በዚያው በደሴቲቱ ዓሣ በልተን አደርን፤ በማግሥቱ ጧት ውሃው እንደ ዘይት ተኝቶ አገኘነው።

እኒያ ሽማግሌ ያዘዙት ሹም ስላልፈሩ አልነበረም፤ ከጀልባዋ ሲወጡ እንደ ገና እጅ ነሥተዋቸዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ ባለ ጀልባዎች እንደዚህ ጽኑዎች አይደሉም። ወጣቱ ቀዛፊ የጌታውን ቊጣ ወይም የተጨመረለትን ብር አይቶ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ስለዚህ የተከበረ ተሳፋሪ ገና ጀልባዋ ሳትፈታ «ብትፈራ ንገረኝ፤ እንመለሳለን» ብሎ ቢነግረው፣ ለልጆቹ ከማናቸውም ስንቅ የሚበልጥ ነገር ሰጣቸው ማለት ነው።

ባለ ጀልባው እንሂድ ካለ ደግሞ፣ ከአፉ በፊት ቆም ብሎ ሞገዱን መመልከት ይገባል። ሞገድ እኩል ሆኖ አይመጣም፤ ሦስት አራት ታላላቆች ተከታትለው ካለፉ በኋላ አነስተኞች ይከተላሉ፣ ማለፊያውም ያን ጊዜ ነው። ሲወጡ የጀልባዪቱን ፊት ለሞገዱ መስጠት፣ በሞገዱ ጫፍ ላይ ሲደርሱም ፍጥነትን መቀነስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጀልባዋ ከላይ ወደ ታች ትወረወራለች። መግባት ግን ከመውጣት ይልቅ ይከብዳል፤ ሞገዱ ከኋላ ስለሚመጣ ነው። ባለ ጀልባው ያለፈውን ሞገድ በጀርባው ላይ ሆኖ ይከተለዋል እንጂ አይቀድመውም፤ የሚመጣውም እንዲደርስበት አይፈቅድም። ሞገዱ የጀልባዋን ኋላ አንሥቶ ወደ ጎን ካዞራት ትገለበጣለች። መንገዱንም እንዳይስት በየብስ ላይ ሁለት ምልክት፣ ለምሳሌ በዳር ያለውን ዛፍና ከበስተኋላው በኮረብታ ላይ ያለውን ቤት፣ በአንድ መሥመር አድርጎ ይዞ ይገባል። ሁለቱ ሲለያዩ መንገዱን መልቀቁን ያውቃል።

በዚህ ጊዜ የተሳፋሪው ሥራ አንድ ነው፤ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ አለመነሣት። ሞገድ ሲመታ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ቢሸሽ፣ ጀልባዋን የሚገለብጣት ሞገዱ ሳይሆን ሽሽቱ ነው። የማረቆ በርበሬ የተሞላ ጆንያም ቢሆን ከታች በመካከል ይቀመጣል እንጂ ሰው እላዩ ላይ አይቀመጥበትም። እናቶች ሕፃን በጀርባቸው አጥብቀው ማዘላቸውን በጀልባ ላይ ቢተዉት እንመክራለን፤ ከፊት አቅፈው፣ ነጠላውንም ሳይቋጥሩ መያዝ ይሻላል። ላይፍ ጃኬት የሚባለው ተንሳፋፊ ሰደርያ ከተገኘ ከመሳፈር በፊት ይለበሳል፤ ከመቀመጫ ሥር ተጥሎ የሚሄድ ሰደርያ ለማንም አይጠቅምም። የልጅ ሰደርያ በልጁ ልክ መሆን አለበት።

ሞተር ያላት ጀልባም ብትሆን መቅዘፊያና ረጅም ዘንግ ሳትይዝ ከአፉ አትውጣ። በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የሚባለው አረም በደምበልም ታይቷልና፣ አረም ወይም የዓሣ መረብ በሞተሩ ተሽከርካሪ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ በዚያው በክፉው ስፍራ ይቆማል። በጣና የሚቀዘፈው የደንገል ታንኳ ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው አውጥቶ ማድረቅ ያሻል።

ጀልባዋ ብትገለበጥ፣ ዳሩ የቀረበ ቢመስልም እርሷን ለቆ መዋኘት አይገባም። የተገለበጠች የእንጨት ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ትንሳፈፋለች፤ ፈላጊም ከሰው ራስ ይልቅ ጀልባን ከሩቅ ያያል።

ኅዳር 21 ቀን ለጽዮን በዓል ወደ ቱሉ ጉዶ ለመሻገር ያሰቡ ቤተ ሰቦች፣ በ20 ቀን ጧት ሄደው በ22 ቀን ጧት እንዲመለሱ ሐሳባችንን እናቀርባለን። በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም በአንድነት ወደ ጀልባ ይሮጣል፤ ያም ሰዓት ነፋሱ የሚነሣበት ሰዓት ነው። ለሁለት ሌሊት የሚበቃ ስንቅና ለልጆች ጋቢ አይረሳ።