የማሲንቆው ባለቤት ስም ይመዝገብ

በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተሰቀለ ሰማንያ ዓመት አለፈ። ቢቸና ግን ዛሬም በቀረርቶና በሽለላ ስሙን ታነሳለች። የጀግናው ታሪክ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ ስንኞቹን መጀመሪያ ቋጥረው በየሠርጉና በየጠጅ ቤቱ ያዳረሱት ሰዎች ግን እነማን እንደነበሩ፣ ሙያውን ከማን እንደተማሩ የሚነግረን የለም። የምሥራቅ ጎጃም አዝማሪ ዕድሜውን ሙሉ ማሲንቆ አንግቦ ከቢቸና ሞጣ ሲዞር ይኖርና፣ ሲሞት ዘፈኑ «የሕዝብ ዜማ» ተብሎ ይቀራል። ልማድ ስለሆነ ትክክል መሰለን እንጂ ፍትሕ የለበትም። አዝማሪው በስሙ፣ በሕይወት ታሪኩና በድምፁ መመዝገብ አለበት፤ ያውም በሕይወት ሳለ።

የአዝማሪን ጉልበት ጠላት እንኳ አልናቀውም። ከየካቲት 12ቱ ፍጅት በኋላ፣ በመጋቢት 1929 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጣሊያን እንደራሴ ግራዚያኒ አዝማሪዎች ከጠንቋዮችና ከንግርት ተናጋሪዎች ጋር እየታደኑ እንዲገደሉ አዟል። ወሬና ቁጣ በእነሱ አፍ አገር ላገር እንደሚዛመት ገብቶታል። ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም ሰባ ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል፤ ቁጥር እንጂ ስም አልጻፈም። ሞጣና ቢቸና በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን እምቢ ብለው ሲነሱም የጦሩ ዘመቻ፣ የአውሮፕላኑ ድብደባ፣ የገዢው የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው መነሳት በታሪክ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል። ገበሬው ምሬቱን በማን አፍ፣ በምን ስንኝ እንዳሰማ ግን የዚያን ያህል አልተጠየቀም።

«ግጥሙ የአዝማሪው ብቻ አይደለም፤ ተቀበል ብሎ ስንኙን የሚሰጠው አድማጩ ነው» የሚል መቃወሚያ አለ። እውነትነት አለው። ሆኖም የተሰጠውን ስንኝ በቅጽበት ከዜማው ጋር የሚያስማማው፣ የሚገጥምለትን የሚጨምርበትና ቤቱ ሲቀዘቅዝ ከራሱ የሚያወጣው አዝማሪው ነው። ደግሞስ የጋራ የሆነው ሥራ የከተማ ዘፋኝ ስቱዲዮ ሲገባ ለምን በአንድ ሰው ስም ይወጣል? በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1927 እ.ኤ.አ. ብሪስቶል ከተማ ውስጥ የተቀረጹት የካርተር ቤተሰብ የገጠር ሙዚቃ ፈር ቀዳጆች ተብለው ተከበሩ፤ ከኤ. ፒ. ካርተር ጋር በየመንደሩ እየዞረ ዜማ የሰበሰበው ጥቁሩ ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሪድል ግን ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ኖረ። በእኛ አገር የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ስም ከመቶ ዓመት በኋላም የሚነሳው በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፁ በሸክላ ስለተቀረጸ ጭምር ነው። ጎጃም ውስጥ ከእሱ የማያንስ አልነበረም ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

የከተማ ዘፋኞች የጎጃምን ዜማ ከመጥፋት አድነውታል የሚሉም አሉ። አድነውታል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ዜማ ማዳንና ባለሙያን ማክበር ሁለት ሥራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና ግዙፍነት ሲያገኝ፣ ማለትም ሲጻፍ ወይም ሲቀረጽ ነው ይላል። ስለዚህ ጠጅ ቤት ውስጥ ተፈጥሮ እዚያው የሚቀር ስንኝ ሕጉ አይደርስለትም። ከአዝማሪው ሰምቶ ቀድሞ ያስቀረጸው ሰው ግን ባለመብት ሆኖ ይቀርባል። አዋጁ ለተጫዋቹም ጨዋታው ያለፈቃዱ እንዳይቀረጽ መብት ሰጥቷል፤ ይህን የሚነግረው ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ሥራው ከባድ በጀት አይጠይቅም። የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤቶችና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው፣ አዝማሪውን አስፈቅደውና የድካሙን ከፍለው ይቅረጹ። ከድምፁ ጋር ስሙ፣ የትውልድ ቀበሌው፣ ማሲንቆ ያስተማረው ሰው፣ ስንኙን የሰጠው አድማጭ ከታወቀም እሱ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ ቢቸና ወይም ሞጣ ይቀመጥ፣ ሌላው ለራሱ ለአዝማሪው ይሰጠው።